«ወንድሜ ገንዘቤን በጨው ውኃ ሊያስበላው ነው!»

የዛሬው ጨዋታችን እንደ ወትሮው ስለ ፍቅረኛ መክዳትና ስለ አማት ምላስ አይደለም። ስለ ዓሣ ነው። ዓሣ ስላችሁ ደግሞ የሚጠበሰውን ሳይሆን የሚታየውን ማለቴ ነው። ገጹን ልትገለብጡ የቸኮላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። በነገሩ ውስጥ የእህትና የወንድም ኩርፊያ፣ የአምስት ዓመት የዓረብ አገር ላብ፣ ገና ያልተከፈተ ካፌና 450 ሊትር ውኃ አለበት።

ደብዳቤው የመጣልኝ ከቡሬ ነው። ባለቤቷ ስሟ እንዳይጠቀስ ስለለመነችኝ አልጠቅሰውም። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ይዤ አገሬ ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ላይ ካፌ እንክፈት አለኝ፤ እሺ አልኩ። ቤት ተከራየን፣ ወንበርና ጠረጴዛ ገዛን፣ የቡና ማሽኑንም ገዛን። አሁን ግን ኮራል ያለበት የባሕር ዓሣ ገንዳ ካላቆምኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ድርቅ አለ። እሱ ብቻውን ቢሆን በቻልኩት። አሜሪካ ያለው ያጎታችን ልጅ ደግሞ ከትልቁ ገንዳ ሥር የሚቀመጥ የሌላ ገንዳ ንድፍ ላከለት። ስድስት ክፍል አለው፤ ሞተሩም ብዙ ነው። የቀረችኝ ገንዘብ በሙሉ ለሱ ልትሆን ነው። አንቺ ተይ ብለሽ ብትጽፊበት ይሰማሻል፣ ጋዜጣውን አይለቅም…»

ለምን እኔን እንደመረጠችኝ ገብቶኛል። እኔም ሦስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት መሥራቴን በዚሁ ገጽ ላይ ከአንዴም ሁለቴ አውግቻችኋለሁ። ያላወጋኋችሁ ነገር ቢኖር የዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ከኔ አልጋ የሚበልጥ የኮራል ገንዳ መኖሩን ነው። ዓሦቹን የሚያደንቁት ባለቤቶቹና እንግዶቻቸው ነበሩ። ከሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ካልሲ የሚመስለውን ማጣሪያ የሚያጥበው፣ ወለል ላይ የፈሰሰውን የሚወለውለው ግን ሌላ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ ገምቱ! ለጥገና የሚመጣው ፊሊፒናዊ ደግ ሰው ስለነበረ የጠየቅሁትን ሁሉ ያስረዳኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ባልገባም በዚህ ነገር ላይ ለመናገር ወኔ የሰጠኝ ያ ቁም ሣጥን ነው።

ኮራልን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሲያዩት ድንጋይም አበባም ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። ጥቃቅን እንስሳት በሺህ ሆነው ተጣብቀው ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ይሠራሉ። ከዳህላክ ደሴቶች እስከ ጅዳ ዳርቻ ቀይ ባሕር በዚህ የተሞላ ነው። ታዲያ ባሕር ትልቅ ስለሆነ አመሉ ቶሎ አይለዋወጥም። ኮራሉም ከዚያው ጋር ስለለመደ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ ጨውነቱ በሊትር 35 ግራም ገደማ ሆኖ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ካልክበት ያኮርፍና ይሞታል።

ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም መሄዴ አልቀረምና ወንድምየውን እዚያው ካፌው ውስጥ አገኘሁት። ገና ቀለም ይቀባል። ማን መሆኔን ስነግረው ብሩሹን አስቀመጠና «እትዬ ናት አይደል የላከችሽ?» ብሎ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። «እህቴ፣ ካፌ እኮ እዚህ ሞልቷል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚያልፈው ሰው ለምን እኔ ጋ ይቆማል? ማኪያቶ ሁሉም ጋ አለ። የባሕር ዓሣ ግን የትም የለም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁለት።

ከዚያ ንድፉን ዘረጋልኝ። ጉድ ነው! የመጀመሪያው ክፍል ቆሻሻ የሚይዙ ሁለት የጨርቅ ካልሲዎች አሉት። ሁለተኛው ስኪመር የሚሉት፣ በአረፋ አማካይነት ዝቃጩን ቀድቶ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ማታ ማታ መብራት እየበራለት አልጌ የሚበቅልበት ነው። አራተኛው የከሰልና የመድኃኒት፣ አምስተኛው አረፋ ማብረጃ፣ ስድስተኛው ውኃውን ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ያለበት ነው። በዚያ ላይ የተነነውን ውኃ በራሱ የሚተካ፣ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጥ፣ ሁሉንም የሚቆጣጠርና ባለቤቱን በስልክ መልእክት የሚያስጠነቅቅ ኮምፒዩተር አለው። (መልእክቱ የሚደርሰው ኢንተርኔት ሲኖር መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ሶኬቱን ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ!

ለመሆኑ ይህ የሥር ገንዳ ምንድን ነው?

ባለሙያዎቹ ሳምፕ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሣጥን ነው። ላይ ባለው ገንዳ ጠርዝ አጠገብ ቀዳዳ አለ። ውኃው በዚያ ሞልቶ በራሱ ክብደት በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሣጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። አለቀ። ጥቅሙ ብዙ ነው። የውኃውን መጠን ይጨምራል፤ ማሞቂያውንና ስኪመሩን ከእንግዳ ዓይን ይሰውራል፤ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ጠርጎ ያወርዳል፤ ውኃው ሲወርድና ሲወጣም አየር ያገኛል። ለዚህ ሁሉ ስድስት ክፍል አያስፈልገውም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. አንድ የጃካርታ ሰው ያለ ምንም የሥር ገንዳ፣ ከባሕር በወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ በፀሐይ ብርሃንና በአየር አረፋ ብቻ ኮራል ማኖሩን በአሜሪካ መጽሔት ላይ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሆላንድ የመጣ፣ ውኃ በፕላስቲክ ኳሶች ላይ እየተንጠባጠበ የሚጣራበት ትልቅ የሥር ገንዳ አሜሪካ ውስጥ በመጽሔት ሲተዋወቅ ሁሉም ተሻማበት። ዓመታት አልፈው ምን ታየ መሰላችሁ? ያ ሁሉ ኳስ የዓሣውን ሽንት ወደ ናይትሬት እየለወጠ ያጠራቅማል እንጂ ናይትሬቱን አያጠፋውም። የበርሊን አርቢዎች ግን ኳሱን ትተው ድንጋይና ጥሩ ስኪመር ብቻ ይዘው ቀጠሉ። በድንጋዩ ውስጠኛ ክፍል አየር በማይደርስበት ቦታ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ያስወጡታል። ማጣሪያው ላይኛው ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣ ይዋኝበታል ማለት ነው! እና የብዙ ሰው የሥር ገንዳ ኳሱ ወጥቶለት ባዶ ሣጥን ሆነ።

ልጁ ይህን ስነግረው «ታዲያ የአጎቴ ልጅ ተሳስቷል?» አለ። አልተሳሳተም። እሱ ያለበት አገር መብራት አይጠፋም፤ የተበላሸ ዕቃ በሁለት ቀን ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የኔ ፍርድ የተመሠረተው በፍኖተ ሰላም ላይ ነው።

አሁን ሂሳብ ውስጥ ልንገባ ነው። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

ላይኛው ገንዳ 150 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 50 ስፋት፣ 60 ከፍታ አለው፤ 450 ሊትር ማለት ነው። መብራት ጠፋ እንበል። ፓምፑ ይቆማል። ላይ ያለው ውኃ ግን ወደ ታች መውረዱን እስከ ቀዳዳው አፍ ድረስ አያቆምም። ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ቢወርድ 15 ሊትር ነው። ይህ ቀላል ነው። አደጋው ያለው ውኃውን ወደ ላይ በሚመልሰው ቱቦ ነው። የቱቦው አፍ ከውኃው ወለል 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ራሱ ወደ ኋላ ይስባል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ 75 ሊትር ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ ይዘረግፋል። ጅዳ ሌሊት በባዶ እግሬ የረገጥኩት ውኃ ምንጩ ይኸው ነበር። መድኃኒቱ የቱቦውን አፍ ከወለሉ ሁለት ሳንቲሜትር በታች ብቻ ማድረግ ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ አለ ይሏችኋል፤ አትመኑት። የጨው ጠጠርና ቀንድ አውጣ አፉ ላይ ሲቀመጡ አይገጥምም።

ሥር ያለው ሣጥን 90 በ40 በ40 ይሁን። 144 ሊትር ይይዛል። ግማሹ ባዶ መሆን አለበት፤ ባዶው ቦታ ለመብራት መጥፋት የተቀመጠ ነው። የአጎት ልጅ ንድፍ ላይ ስድስቱም ክፍል ወደ አፉ ስለሞላ ቦታ አልተረፈውም።

ሁለተኛው ነገር ትነት ነው። ውኃ ሲተን ጨው አይተንም፤ የሚጎድለውን በንጹሕ ውኃ እንተካለን። መጉደሉ የሚታየው ፓምፑ ባለበት ክፍል ብቻ ነው። በስድስት ክፍሉ ንድፍ የፓምፑ ክፍል 15 በ40 ናት። ስድስት ሊትር ቢተን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ 10 ሳንቲሜትር ይጎድላል፤ ፓምፑ አየር ይጠባል፤ ይጮኻል፤ ይቃጠላል። ምንም ክፍል በሌለው ባዶ ሣጥን ግን ያው ስድስት ሊትር ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ «ባዶ ሣጥን ይበቃል በቃ!» ልትሉ ነው። ቆይ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ፊሊፒናዊው ነው ያረመኝ። ላይኛው ቀዳዳ በቀንድ አውጣ ወይም በቅጠል ቢደፈንስ? ፓምፑ መግፋቱን አያቆምም። ባዶው ሣጥን 72 ሊትር ይዞ ከሆነ አብዛኛውን ወደ ላይ ይልከዋል። ላይኛው ገንዳ ከአፉ በታች ሦስት ሳንቲሜትር ባዶ ቢኖረው የሚችለው 22 ሊትር ተኩል ነው። የቀረው ደንበኛው ጫማ ላይ!

ስለዚህ አንድ ከፋይ መስታወት ይግባ። አንድ ብቻ። ከፍታው 22 ሳንቲሜትር ይሁን። ሰፊው ክፍል 60 ሳንቲሜትር፣ የፓምፑ ክፍል 30። በፓምፑ ክፍል ውኃው 20 ሳንቲሜትር ቢቆም 24 ሊትር ነው፤ የታችኛዋን አራት ሳንቲሜትር ፓምፑ መሳብ ስለማይችል ቢበዛ 19 ሊትር ይልካል። ላይ ያለው ባዶ ቦታ ይችለዋል። ስድስት ሊትር ሲተንም የሚጎድለው አምስት ሳንቲሜትር ነው፤ ጠዋት ካፌውን ሲከፍት በጆግ ይሞላዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ 67 ሊትር ባዶ ቦታ ይጠብቀዋል። በሰፊው ክፍል ስኪመሩና ማሞቂያው ይቀመጣሉ። ይኸው ነው ንድፉ፤ ልጁ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሣለው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቁጠባ አልፈቅድም። ላይኛው ገንዳ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ይኑር፤ ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚጠብቅ። አንደኛው ሲደፈን ሁለተኛው ይቀበላል። ቀዳዳ መብሳት ፈርተው መስታወቱ ላይ በሚንጠለጠል ቱቦ ውኃውን በስበት የሚያሻግሩም አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያ ቱቦ አየር ይዞ መሳብ ሊያቆም ይችላል፤ ፓምፑ ግን አይጠይቀውም፣ ይሞላል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ይህ አይታሰብም።

ስለ መብራት ካነሳን… ዓሣ የሚሞተው ከጨለማ ይልቅ በአየር ማጣት ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ናት፣ ቡሬ ደግሞ ከሷም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከጅዳው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አሜሪካ ባሕር ዳርቻ ላይ የተሣለ ንድፍ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ዓሣው ጥቂት ይሁን፤ ውኃው ሲወርድ ክፍት ሣጥን ውስጥ ይረጭ። ተዘግተው የሚሠሩት ማጣሪያዎች መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ሲቆዩ ውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ታፍነው ውኃው ይሸታል፤ መብራት ሲመጣ ያንን ዓሣው ላይ ይተፉበታል። ክፍት ሣጥን ይህ ችግር የለበትም።

ፓምፑ 40 ዋት ቢሆን፣ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ያለው አንድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት ለ12 ሰዓት ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ዘጠኝ ሶኬት በዚያ ባትሪ ላይ አይኖርም። ማሞቂያውማ 300 ዋት ስለሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ እሱን ነቅሎ ገንዳውን በጋቢ መጠቅለል ይሻላል። ይህን ያህል ውኃ ቶሎ አይበርድም።

«ጨዉስ?» አልኩት። ልጁ ፈጠን ብሎ «ጨው እኮ አገራችን ሞልቷል፤ አፍዴራ አለ!» አለኝ። አይ ወንድሜ! ባሕር ውስጥ ከሚሟሟው ጨው የገበታው ዓይነት ወደ 85 ከመቶ ነው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው፤ ኮራሉ ቤቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ገደማ ማግኒዥየም አለ። ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ያን አይሰጥም። ለኮራል ተብሎ የተቀመመውን ማስመጣት ግዴታ ነው። ሁለቱን ገንዳዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሙላት ከ18 ኪሎ የማያንስ፣ በየሳምንቱ 50 ሊትር ለመለወጥ ደግሞ በወር 7 ኪሎ ገደማ። አስቡት፤ ሣጥኑ አንዴ ይገዛል፣ ጨው ግን የዕድሜ ልክ ቀለብ ነው። እህትየው ይህን ወጪ ማንም አልነገራትም።

ፈቃዱም አለ። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። በሻንጣ ሸሽጎ ማምጣት ብሎ ነገር የለም።

እንግዲህ ለቡሬዋ እህቴ፦ ከልክዪው ብለሽ ለምነሽኛል። አልከለክለውም። ገንዘቡ ግን ያንቺ ነው፤ ካፌው ላይ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ በወረቀት ይጻፍ፤ ወንድም ነው ብለሽ አትለፊው። ከዚያ ሁለቱን መስታወቶች፣ አንዱን ፓምፕና ባትሪውን ግዢለት። ስኪመሩንም ጨዉንም ኮራሉንም ግን አሁን አትግዢ። የነሱ ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ። ስድስት ወር ሙሉ በተራ ውኃ ከጣና የመጡ ትናንሽ ቆሮሶዎች ያኑርበት። ቆሮሶ በላተኛ ነው፤ ያቆሽሻል፤ ሣጥኑን በደንብ ይፈትነዋል። ለደንበኛውም ቢሆን ቆሮሶን በሕይወት ያየው ስንቱ ነው? እኔ ሳህን ላይ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም ነበር። ውኃው ክሎሪን ካለው አሳድረህ ጨምር በይው። ዓሣውን ሁሉ በአንድ ቀን እንዳያስገባ፤ ሽንቱን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጅባቸዋልና በሁለት በሦስት ይጀምር። በስድስት ወር ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋና ወለሉ ስንት ጊዜ እንደሚረጥብ ደብተር ላይ ይጻፍ። ወለሉ አንዴም ካልረጠበ ስለ ጨው ትነጋገራላችሁ።

ልጁ ይህን ሲሰማ ትንሽ ፊቱ ጠቆረ። ቆሮሶና ኮራል አንድ አይደሉምና አልፈርድበትም። ቆየት ብሎ ግን «መስታወቱ ከሚወደድ የሥሩን ከበርሜል ብሠራውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ሂሳብ ጀምሯል ማለት ነው። የብረት በርሜል አይሆንም፤ ጨው ይበላዋል። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክም አይሆንም። ምግብ የሚቀመጥበት ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን ግን ያለ ችግር ያገለግላል፤ ጎኑ እንዳይለጠጥ በእንጨት ይደገፍ። ከፋዩን መስታወት ፕላስቲክ ላይ ማጣበቅ ስለሚያስቸግር በሱ ፋንታ ፓምፑን ለብቻው ሌላ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ሁለቱን በቱቦ ማገናኘት ይቻላል። ውኃ በሚነካበት ቦታ ሁሉ የነሐስ ቧንቧና መክፈቻ አይግባ፤ ከውስጡ የሚወጣው መዳብ ለዓሣው ባይሆን እንኳ ለኮራል መርዝ ነው። በመስታወት ከሠራህ ደግሞ ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፤ አንድ ሳምንት ሳይደርቅም ውኃ አትጨምርበት። መጀመሪያ ስትሞላውም ካፌው ውስጥ ሳይሆን ደጅ አውጥተህ ሙላው።

ማሳሰቢያ፦ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ንድፍ እንዲላክላችሁ ለጠየቃችሁ፣ ልኬቱ በሙሉ ከላይ ተጽፏል።